በደረቁ ወደብ

ስሙን «ደረቅ ወደብ» ብለው ከሰየሙት፣
ኮንቴይነር እንደ ጡብ ከደረደሩበት፣
ከዚያ አጥር ማዶ ነው የእኔ ብየዳ ቤት።

ሃያ ሁለት ዓመት በር ሠራሁ፣ መስኮት፣
ለመስጊዱ አጥር፣ ለደወሉ መስቀያ፣
ለወፍጮ ቤት ወንፊት፣ ለባጃጅ መከለያ፤
ጀልባ አንሳልኝ ብሎ በሬን የመታ ግን
ጋሽ አራጋው ነበር፣ በሚያዝያ አንድ ቀን።

በተሳቢ መኪና አሰብ ተመላልሶ፣
ወገቡን ጎማ ሲፈታ ጨርሶ፣
መንገዱ ሲዘጋ፣ ቆየ፣ ዝም አለና
ጀልባ ገዛ አሉኝ፣ ሞተር ያላት፣ ደህና፤
ከሐይቅ ዳር ወርዶ፣ ቦታ ተከራይቶ፣
የግሉን መቆሚያ በባሕር ዛፍ መትቶ።

«አሁን ግን» አለኝ «ውሃው እየበላት፣
ንፋሱም ከድንጋይ እያላተማት፣
ሆዷ አረንጓዴ ሆነ። ማደሪያ ሥራላት፣
ማታ ከውሃው ወጥታ አየር ላይ የምትተኛበት።»

«ክብደቷስ?» አልኩት። በጣቱ ቆጠረ፦
«እኔ፣ ዘሀራ፣ ሞተሩ፣ ጀሪካን...» ብሎ ቀረ።
ሠላሳ ቶን ጭኖ ዳገት ሲወጣ የኖረ
የጀልባውን ክብደት ሳያውቅ መጥቶ ነበረ።

ሻይ መጥቶ ቀዘቀዘ።
ሙሄ፣ ረዳቴ፣ እርሳስ ከጆሮው መዘዘ፦
«ሃይድሮሊክ ይሁን፤ የገልባጭ ፒስተን ደሴ አይጠፋም፣ አለ።»
«ዘይቱ ቢያፈስስ?» አልኩ። «ዓሣው ምን በደለ?»
«እንግዲያ በሞተር፣ በመብራት...» ሳይጨርስ ቃሉን
ድርግም አለ አምፖሉ፣ ጨለማ ዋጠን ሁላችንን።
ሦስታችንም ሳቅን፣ በጽልመቱ መሐል፤
ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል?

በእጅ የሚዞር ይሁን። መዘውር፣ ካቦ፣ ጥርስ፣
የጉድጓድ ውሃ እንደሚሳብ፣ ቀስ በቀስ፤
ዘሀራ ብቻዋን ብትሆን ክንዷ እንዲደርስ፣
እጇ ቢያመልጣት እንኳ ወደ ኋላ እንዳይመለስ።

ላሬ ቆርጠን በየድን፤ አራት እግር፣ ሁለት አልጋ፣
አንቲሩጂን ማታ አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ ሲነጋ።
ኩሽኔታው ከወደቀ ፊያት፣ ካቦው ከአዲስ ጥቅል፤
ካቦ ላይ አይቆጠብም፣ የተቆጠበበት ይገድላል።

ጀልባ ሰፈራችን የለም። በምን እንፈትነው?
የከማልን ባጃጅ ጫንን፤ «ቀስ በሉ፣ ዕዳ ነው!»
እያለ ሲጮኽ፣
ባጃጇ ተነሳች፣ ሦስት ጎማዋ ተንጠልጥሎ ቀረ፤
የሰፈሩ ልጅ አጥር ላይ ሆኖ አብሮን ቆጠረ።
አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ስንደርብ ስንጥቅ ወጣ እንደ ፀጉር።
ፈታነው። ደገምነው። እዚህ ይሰበር እንጂ እዚያ አይሰበር።

ሐረጎን በአይሱዙ ወጥተን፣ ደሴን አልፈን ወረድን።

እኔ ውሃ እፈራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።
ደረቴ ድረስ ገብቼ እግሩን ስይዝ ግን አልደበቅኩም።
ሦስቱ ቆሙ፤ አራተኛውን ጭቃው ዋጠው፣
አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከሥር ሰው ያለ ይመስል እየጎተተው።
አወጣነው። ከላሜራ ሰፊ ጫማ ሠራንለት፤
ያኔ እሺ አለ፣ ውሃ ልኩ መሐል ላይ ቆመለት።
ክረምት ስንት እንደሚሞላ አንድ አስጋሪ ቋጥኝ ላይ መስመር አሳየን፤
ከመስመሩ በላይ ሁለት ክንድ ትተን በቡሎን አሰርን።

ጋሽ አራጋው መዘውሩን ያዘ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።
ጀልባዋ ከውሃው ስትላቀቅ
ዱላ አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን መታ መታ፣
ጎማ እንደሚፈትሽ ለአሰብ ጉዞ ማታ።

«በል አውርዳት፣ እንሂድ» አለችው ዘሀራ።
«ቆይ» አለ።
አወረዳት። ደግሞ አነሳት። ደግሞ።
ቀሪ ሂሳቤን ሳልጠይቅ፣ ልብሴን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣
ጠቅታውን ቆጠርኩ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ።
አርባ ስድስት ጥርስ ነው።
አንድም አልዘለለ።